ሊብሬው በማን ስም ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከጀለሴ ጋር ተኳረፍን። በገንዘብ አይደለም። በሴትም አይደለም። በአርሴናልና በማንቼም አይደለም (በእሱማ ከተኳረፍን ስንት ዘመናችን!)። የተኳረፍነው ሁለታችንም ነድተናት በማናውቅ፣ ወደፊትም የመንዳት ተስፋችን በጣም የመነመነ በሆነ አንዲት የጃፓን መኪና ነው። እባካችሁ አትሳቁ። ነገሩ ሲጀመር ያስቃል እንጂ መጨረሻው ላይ አያስቅም።

ጀለሴ መካኒክ ነው። ሱማሌ ተራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ ይውላል። እኔ ደግሞ እንደምታውቁኝ ጸሐፊ ነኝ ባይ ነኝ። መኪና የለኝም። በመኪና ወሬ ግን የሚያህለኝ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ወደ ጋራዡ እሄዳለሁ፣ አሮጌ ጎማ ላይ እቀመጣለሁ፣ ቡና ይመጣልናል፣ ከዚያ ወሬያችንን እንሰልቃለን። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

የዚያን ቀን ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያሳየኝ ነበር። አንዲት ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር መኪና ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ ኋላዋን እየወረወረች ትታጠፋለች።

«ቶዮታ 86 ናት!» አልኩ፣ እንደ አዋቂ።

«ሱባሩ ናት» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«አርማዋን አታይም እንዴ? ቶዮታ እኮ ነው!»

«አርማ ሞተር አያዞርም።»

በቃ። ጸቡ እዚህ ጋ ተጀመረ።

ለማያውቅ ልንገር። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከመኪና ጋር ተጣልቼ ከካላንደር ጋር መጣላት አልፈልግም።) በ2012 ሁለት የጃፓን ኩባንያዎች በአንድ ጊዜ ሁለት መኪና ይዘው ብቅ አሉ። የአንዱ ስም ቶዮታ 86፣ የሌላው ሱባሩ ቢአርዜድ። በአፍንጫና በመብራት ትንሽ ይለያያሉ። የእገዳ ስፕሪንጋቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ከዚያ ውጪ ግን መንትያ ናቸው። አንድ ሞተር፣ አንድ አካል፣ አንድ ፋብሪካ። ፋብሪካው ጉንማ በተባለው ክፍለ ሀገር ኦታ ከተማ የሚገኘው የሱባሩ ፋብሪካ ነው። ቶዮታ ተብላ የምትሸጠዋም እዚያው ነው የምትወጣው። በሁለቱ ኩባንያዎች ስምምነት መሠረት የመኪናዋን እቅድና ቅርጽ ያወጣው ቶዮታ ነው፤ ኢንጂነሪንጉንና ማምረቱን በዋናነት የያዘው ሱባሩ ነው። ታዲያ የማን ናት?

እኔ የቶዮታ ጠበቃ ሆንኩ። ጀለሴ የሱባሩ። የጋራዡ ልጆች ከበቡን።

የእኔ ክርክር ከታሪክ ይነሳል። ቶዮታ የስፖርት መኪና ሠሪ ነው ወይ? ለአዲስ አበባ ሰው ይሄ ጥያቄ ራሱ ቀልድ ይመስላል። ለእኛ ቶዮታ ማለት ኮሮላ ነው፣ ቪትዝ ነው፣ ጠዋት ሰው ጠቅጥቆ የሚሄድ ሚኒባስ ነው፣ የኤንጂኦ ላንድክሩዘር ነው። ጃፓን ውስጥ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1965 ስፖርትስ 800 የምትባል ሚጢጢ መኪና አወጣ፤ 580 ኪሎ ብቻ የምትመዝን። በ1967 ደግሞ 2000ጂቲ የተባለችውን ቆንጆ መኪና መሸጥ ጀመረ፤ የጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ የታየችው እሷ ናት። ከዚያ በ1983 ኤኢ86 መጣች። «86» የሚለው ስም የተወሰደው ከእሷ ነው። ጃፓኖች «ሐቺ ሮኩ» ይሏታል፤ ስምንት ስድስት ማለት ነው።

ይቺ ኤኢ86 ማን ናት መሰላችሁ? ኮሮላ ናት! ያቺው፣ የእኛው ሰው ሽማግሌ ጭኖ ለቅሶ የሚሄድባት ኮሮላ። ያኔ የኮሮላ ቤተሰብ አብዛኛው የፊት ጎማው ወደሚጎትት አሠራር ሲዛወር እሷ ግን የኋላ ጎማዋ እንደሚገፋ ቀረች። ቀላል ናት፣ ርካሽ ናት፣ ኩርባ ላይ ኋላዋን ትጥላለች። በኋላ «የድሪፍት ንጉሥ» የተባለው ኬይቺ ቱቺያ ያበደው በእሷ ነው። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ሹይቺ ሺጌኖ «ኢኒሻል ዲ» የሚለውን የሥዕል ልብወለድ ሲያወጣ ባለታሪኩ ልጅ የአባቱን ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ ነው) ሌሊት ሌሊት በተራራ መንገድ የሚያደርሰው በኤኢ86 ነው። ከዚያ በኋላ ያቺ ኮሮላ አሮጌ መኪና መሆኗ ቀረ።

«ስለዚህ» አልኩ፣ ቡናዬን ፉት እያልኩ፣ «ስሟም፣ ዘሯም፣ ሐሳቧም የቶዮታ ነው። ሱባሩ የሠራው ታዝዞ ነው።»

ጀለሴ ሳቀ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና ተነሳ። ሲነሳ ችግር እንዳለ አወቅኩ።

«መጀመሪያ» አለ፣ «የዚያ ልብወለድ ተራራ እውነተኛው መነሻ ሐሩና የሚባል ተራራ ነው። የት ነው ያለው? ጉንማ። የሱባሩ ፋብሪካ የት ነው? ጉንማ። የልጁ አባት በኋላ ምን መኪና ገዛ? ሱባሩ ኢምፕሬዛ!» የጋራዡ ልጆች አጨበጨቡለት። እኔም በሆዴ አጨበጨብኩ። እውነት ነው።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ገባ። ሁለት እጁን ጨብጦ ደረቱ ፊት አጋጠመ፣ መልሶ አለያየ፣ አጋጠመ፣ አለያየ። «ይሄ ቦክሰር ሞተር ነው። በሌላው ሞተር ፒስተኖቹ ቆመው ወደ ላይ ወደ ታች ነው የሚሉት። እዚህ ግን ግራና ቀኝ ተኝተው እንደ ቦክሰኛ ቡጢ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍጣፋ ይሆንና መሬት ጠጋ ብሎ ይቀመጣል።» የመኪናዋ የስበት ማዕከል ከመሬት 460 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኩርባ ስትይዝ የማትንጋደደው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሱባሩ ባለ አራት ሲሊንደር ቦክሰር መሥራት የጀመረው በ1966 ሱባሩ 1000 በምትባለው መኪና ነው። ከዚያ ወዲህ ሙያውን አልለቀቀም።

እዚህ ላይ እኔም ዝም አላልኩም። ያቺ በ1965 የወጣችው የቶዮታ ስፖርትስ 800 ራሷ ቦክሰር ሞተር ነበራት! ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ከሱባሩ 1000 በአንድ ዓመት ትቀድማለች። ጀለሴ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ «እና ከዚያ በኋላ ቦክሰሩን የት አደረሱት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ተዉታ።

ወዳጆቼ፣ እነዚህ ሁለት ኩባንያዎች እንዲህ የሚያከራክሩን ድሮም ባላንጣ ስለነበሩ ነው። በዓለም ራሊ ሻምፒዮና በ1990ዎቹ የተናነቁትን ያህል ጥቂቶች ናቸው የተናነቁት። ካርሎስ ሳይንዝ በ1990 እና በ1992፣ ዩሃ ካንኩነን በ1993፣ ዲዲዬ ኦሪዮል በ1994 ሻምፒዮን የሆኑት በቶዮታ ሴሊካ ነው። እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ የሳፋሪ ራሊን ቶዮታ ከ1992 እስከ 1995 አራት ዓመት በተከታታይ በልቶታል። ከዚያ 1995 መጣ። የቶዮታ ቡድን ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በሚገድበው ዕቃ ላይ የማጭበርበሪያ ዘዴ ሠርቶ ስፔን ካታሉኒያ ላይ ተያዘ። የዓመቱ ነጥቡ በሙሉ ተሰረዘ፣ ለአንድ ዓመትም ታገደ። የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ማን ሆነ? ኮሊን ማክሬ፣ በሱባሩ ኢምፕሬዛ። ሱባሩ 1995፣ 1996 እና 1997 የአምራቾቹን ዋንጫ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ወሰደ። በ1997 ማክሬ ሳፋሪንም በሱባሩ አሸነፈ።

አስቡት እንግዲህ። አንዱ በሌላው ውድቀት ላይ ከፍ ያለ ሁለት ቤት ነው በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ማዕድ የቀረበው። እንዴት ሆነ?

መልሱ ቀላል ነው፤ ሁለቱም ጎደለባቸው። ቶዮታ ሱፕራን በ2002፣ ሴሊካን በ2006፣ ኤምአር2 የሚባለውን ዘር በ2007 አቆመ። ወጣት የሚመኘው መኪና ከቤቱ ጠፋ። ሱባሩ ደግሞ ትንሽ ኩባንያ ነው፤ ባለድርሻው የነበረው ጄኔራል ሞተርስ በ2005 ጥሎት ሲወጣ ከድርሻው ላይ 8.7 በመቶውን የገዛው ቶዮታ ነው። በ2008 ድርሻውን ወደ 16.5 በመቶ ከፍ አደረገና በዚያው የስፖርት መኪናዋን አብረው እንደሚሠሩ ይፋ አደረጉ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። በመስከረም የአሜሪካ ባንክ ፈረሰ፣ ዓለም በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ሱባሩ ዓመቱ ሳያልቅ ከራሊ ወጣ። ቶዮታም ከ70 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን የሥራ ኪሳራ አወጀ። በዚህ መሐል «ትንሽ፣ ብዙ ሰው የማይገዛት የስፖርት መኪና እንሥራ» ማለት እብደት ነው። አልተዉትም።

የቶዮታው ዋና ኢንጂነር ቴትሱያ ታዳ ይባላል። የፈለገው መኪና ግልጽ ነበር፤ ቀላል፣ ዝቅ ያለች፣ ቱርቦ የሌላት፣ በኋላ ጎማ ብቻ የምትገፋ። ጎማዋ እንኳ ሆን ተብሎ ተራ እንዲሆን ተደረገ፤ ፕሪየስ ላይ የሚገጠም ዓይነት ጎማ ነው። ሀብታም ያልሆነ ሰው መንዳት እንዲማርባት። ይሄ ለሱባሩ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ አስቡ። የሱባሩ ስም የተገነባው በፎር ዊል ነው፤ በራሊ ያሸነፈው በፎር ዊልና በቱርቦ ነው። አሁን ሌላ ሰው መጥቶ «ሁለቱንም አውጡልኝና ሞተራችሁን ስጡኝ» ይላችኋል። እንደ ማለት ነው፤ የዶሮ ወጥ ሙያተኛ ቤት ሄዶ «ዶሮውንም እንቁላሉንም ትታችሁ ቁሌቱን ብቻ ሥሩልኝ» እንደ ማለት።

ሠሩት። ባለ 2 ሊትሩ ሞተር በ7,000 ዙር 200 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ያለ ቱርቦ ከአንድ ሊትር 100 የፈረስ ጉልበት ማውጣት ቀላል አይደለም፤ ለዚህ ደግሞ ቶዮታ ዲ-4ኤስ የሚለውን የራሱን የነዳጅ አረጫጨት ሰጠ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት መርጫ አለው፤ አንዱ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ፣ ሌላው አየር መግቢያው ላይ ይረጫል። ኮምፒውተሩ እንደ ሁኔታው ይመርጣል። የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞም 86 ሚሊ ሜትር። የቶዮታ ስም በሱባሩ ሞተር ሆድ ውስጥ በልኬት ተጽፏል ብል ማጋነን ነው?

«ስለዚህ ያለ ቶዮታ አትኖርም ነበር!» አልኩ፣ እንደ አሸናፊ ብድግ ብዬ። «ሱባሩ ብቻውን ቢሆን በ2007 የኋላ ጎማ የሚገፋት ስፖርት መኪና ይሠራ ነበር? አይሠራም! ሐሳቡ የማን ነው? የቶዮታ!»

«ሐሳብማ» አለ ጀለሴ፣ «ሐሳብማ እኔም አለኝ። ባለ ሦስት ፎቅ ጋራዥ አስባለሁ። ና ግንበኛ ሆነህ ሥራልኝና በስሜ ልክፈተው።»

በዚህ መሐል የጋራዡ ባለቤት ከቢሮአቸው ወጡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጩኸታችን አላስቆጠራቸውም መሰል። ነገሩን ከልጆቹ ሰሙና «እናንተ ልጆች፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል? ሊብሬው በማን ስም ነው?» አሉ። ሳቅን። እሳቸውም ስቀው ተመለሱ። በጋራዥ ሕግ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው። አንድ መካኒክ ሞተሩን አውርዶ ቴስታታውን አስልጦ፣ ኩሽኔታ ቀይሮ፣ ሳምንት ሙሉ ሥር ተኝቶ ሊያስነሳው ይችላል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የባለቤቱ ነው።

እኔ ግን በሊብሬው ነገር አልረካሁም፤ ቶዮታን በእውነት ለማስረታት ፈለግኩና 2000ጂቲን ድጋሚ አነሳሁ። «እሷንስ? እሷም የሱባሩ ናት ልትለኝ ነው?» ይሄ ስህተት ነበር። ጀለሴ የሚጠብቀው እሱን ነው።

እውነቱ ይሄ ነው። 2000ጂቲን የሠራው የሞተር ሳይክሉ ያማሃ ነው። ያማሃ በፊት ከኒሳን ጋር የስፖርት መኪና ጀምሮ ነበር፤ ያ ሳይሆን ሲቀር ከቶዮታ ጋር ተጣመረ። ቅርጿን ያወጣው የቶዮታው ሳቶሩ ኖዛኪ ነው፣ ሞተሩም መነሻው የቶዮታ ነው። ባለ ሁለት ካምሻፍት ቴስታታ ሠርቶ ያን ሞተር የስፖርት ሞተር ያደረገው፣ መኪናዋንም እያንዳንዷን በእጅ የገጣጠመው ግን ያማሃ ነው። በጠቅላላው 350 ገደማ ብቻ ተሠሩ። ከዚያ ለአሥርተ ዓመታት «የማን ናት?» እየተባለ ተጨቃጨቁባት። አንዳንዱ የያማሃ ናት ይላል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ለኒሳን ታስባ የነበረች ናት ይላል፣ የቶዮታ ሰዎች አይሆንም ይላሉ።

ከ86 በኋላስ? ሱፕራ በ2019 ተመልሳ ስትመጣ የተሠራችው ከቢኤምደብሊው ጋር ነው፤ ኢንጂነሩም ያው ታዳ ነበር። እህቷ የቢኤምደብሊው ዜድ4 ናት። ሁለቱም የተገጣጠሙት ኦስትሪያ ግራዝ ከተማ ማግና ስታየር የሚባል ቤት ነው። ሱፕራ በዘሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቀጥታ ሞተር ያስፈልጋታል፤ ቶዮታ ያንን ሞተር ትቶታል፤ ቢኤምደብሊው አለው። ስለዚህ የቶዮታ አድናቂዎች ኮፈኑን ከፍተው የጀርመን ሞተር ሲያዩ ስንት ነገር ተባለ!

እንግዲህ እኔ ቅርስ ብዬ የደረደርኳቸውን ቁጠሩ። 2000ጂቲ ከያማሃ ጋር። 86 ከሱባሩ ጋር። አዲሷ ሱፕራ ከቢኤምደብሊው ጋር። የቶዮታ የስፖርት መኪና ታሪክ ብዙው በሰው እጅ የተሠራ ነው። ለፍትሕ ያህል፣ በ2020 ጂአር ያሪስን በገዛ ሞተሩና በገዛ ፋብሪካው ሠርቶ «እኔም እችላለሁ» ብሏል። በትልልቆቹ ግን አንድ ሙያ አለው፤ የሚፈልገውን ያውቃል፣ የሚችለውን ሰው ያውቃል፣ ገንዘቡን ያስይዛል፣ ሥራው እስኪያልቅ ተስፋ አይቆርጥም። ይሄም ሙያ ነው። አሁንም እላለሁ፣ ሙያ ነው። ሱባሩም ቢሆን ሱባሩ የሚለው ስሙ በጃፓንኛ የከዋክብት ስም ነው፤ መሰብሰብ፣ አንድ መሆን ከሚል ቃል ጋር ይያያዛል። አርማው ላይ ያሉት ስድስት ኮከቦች አምስት ኩባንያ ተዋህዶ አንድ ትልቅ መፍጠሩን ያሳያሉ። ብቻውን የቆመ የለም።

ይሄን ሁሉ ስናገር ጀለሴ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን አነሳና አንድ ፎቶ ፈልጎ አወጣ። የመኪናዋ ኮፈን ተከፍቶ የተነሳ ፎቶ ነው። አጎላው። ሞተሩ አናት ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ላይ ሁለት ጽሑፍ አለ። በአንድ በኩል «ቶዮታ ዲ-4ኤስ»። በሌላ በኩል «ሱባሩ ቦክሰር»። ሁለቱም ስም፣ አንድ ዕቃ ላይ።

«አየህ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቶዮታ እንኳ ጻፈው።»

«ቶዮታ እንኳ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እናንተ አልገባችሁም። ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መጽሔት ላይ «አሮጌ መኪና ከመግዛትዎ በፊት» የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። ከጻፍኳቸው ሁሉ በጣም የተወደደልኝ እሱ ነው። ሰዎች ፎቶ ኮፒ አድርገው ተቀባበሉት። አንድ የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ አመስግኖኛል፤ «ከኪሳራ አዳንከኝ» ብሎ። በዚያ ጽሑፍ ሌላ ሥራ አገኘሁ።

ጽሑፉ ውስጥ የኔ የሆነ አንድም እውቀት አልነበረም። ጀለሴ ነው ሁለት ቅዳሜ ሙሉ መኪና ሥር አብሮ አስገብቶ ያሳየኝ። ሻንሲው ተበይዶ እንደሆነ በምን ይታወቃል፣ ቀለም የተቀባ በር ሲንኳኳ ድምፁ እንዴት ይለያል፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ቀለሙ ምን ይናገራል። እኔ ያደረግኩት ማሳመር ነው። ማሳመሩም ሥራ ነው፤ እሱ ብቻውን አይጽፈውም ነበር። ግን በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ይህን ሁሉ ያሳየኝ አንድ መካኒክ ወዳጄ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረች። ጽሑፉ ረዘመብኝ። አንድ መስመር ማሳጠር ነበረብኝ። ያወጣኋት እሷን ነው። አርታኢው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

መጽሔቱን ወስጄ ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው። ሲጨርስ «ስምህ በትልቁ ወጥቷል» አለኝ። እኔ ደስ ብሎት የተናገረ መሰለኝ። ስንት ዓመት ደስ ብሎት የተናገረ እየመሰለኝ ኖርኩ።

ያኔ ገባኝ፤ ያን ያህል ጉሮሮዬ እስኪነቃ ለቶዮታ የተከራከርኩት ለቶዮታ አልነበረም። ቶዮታ ጠበቃ አይፈልግም። እኔ ነኝ የፈለግኩት። «ሐሳቡ የኔ ነው፣ ስለዚህ የኔ ነው» የሚለውን ፍርድ አንድ ሰው እንዲፈርድልኝ። ስናገረው ደግሞ እውነት አለበት። ያለ እኔ ያ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ያለ ቶዮታ 86 አትኖርም ነበር። «የኔ ነው» ማለቱ ውሸት አይደለም። እኔ ግን «የኔ ብቻ ነው» ብዬ ነበር። ሊብሬው በስሜ ስለሆነ።

ምንም ሳልል ወጣሁ። እሱም አልጠራኝም። መኳረፍ ያልኳችሁ ይሄንን ነው።

ሐሙስ ዕለት መጽሔቱን ከቤት ፈልጌ አገኘሁት። አርብ አላስችል አለኝና ደወልኩ። ስለዚህ ጉዳይ ልጽፍ እንደሆነ ነገርኩትና ስሙን በትልቁ ላወጣ እንደምፈልግ ነገርኩት። አባቱንም ጨምሬ።

«ኧረ ተው!» አለኝ። «ስሜን እንዳታወጣ። ነገ ደንበኛ መጥቶ ይሄ ወሬኛ ነው ይለኛል። እኔ እኮ የምሠራው በሰው መኪና ነው።»

«እና ምን ላድርግ?»

ትንሽ ቆየ። ከኋላው መዶሻ ይሰማል።

«ያቺን ያወጣሃትን መልሳት» አለ።

እንዳለ እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅኩትም። ምናልባት ያኔ ረቂቁን አሳይቼው ይሆናል፤ አላስታውስም። እሱ ግን ያስታውሳል። ስለዚህ በጥቂት ዓመታት መዘግየት፣ ከቦታዋ ርቃ፣ ይኸው መለስኳት፤

አሮጌ መኪና ሊገዙ ሲሄዱ ሞተሩ ይነሳና ጭሱን ይመልከቱ። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቆመ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ዋጋ ሳይነጋገሩ ይመለሱ። ይህን ሁሉ ያሳየኝ አንድ መካኒክ ወዳጄ ነው።